ወለሉ የጣላቸው እሜቴ ደብሪቱ

ተረት ተረት!

አምጪው ከበረት!

ምነው ድምፃችሁ የተኛ ሰው ድምፅ መሰለ? እራት አልበላችሁም እንዴ? ደግሜ ልጥራችሁ። ተረት ተረት!

አምጪው ከበረት!

እንዲያ ነው እንጂ። እንግዲህ ቀረብ ቀረብ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ነው። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ግንቦት ሳይጋመስ ሰማዩ ጠቆረ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ጅረቱም ሞላ።

በዚያ ዓመት ድንጋይ በር በምትባል መንደር ቢሻው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ቢሻው ገበሬ ነው። ጥማድ በሬና አንድ ማሳ አለው። በበጋ ደግሞ ወለል ያነጥፋል። የድንጋይ በር ሰው ወለሉን እንደ ሌላው አገር በእበት አይለቀልቅም። ድንጋይ ነው የሚያነጥፈው። ቢሻው ከጅረቱ ሸካራ ድንጋይ ይለቅማል፣ ይጠርባልና ያነጥፋል። እሱ ባነጠፈው ላይ ሰክሮ የሚሄድ ሰው እንኳ አይወድቅም።

ግን ቢሻው ወሬ አያውቅም። ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ደህና» ይላል። «ልጆችህስ?» ሲሉት «አሉ» ይላል። በቃ። ልጆቹን ሲቆጣ እንኳ በዓይኑ ነው። የቀረውን የምትናገርለት ሚስቱ አንጓች ናት። አንጓች የሁለት ሰው ወሬ ታወራለች፤ የሷንም የሱንም።

ድንጋይ በር አንድ ሕግ ነበራት። «ወለል የጣለውን ያነጠፈው ይሸከመው» ይላል ሕጉ። ሰው በወለል ላይ ተንሸራቶ እግሩን ወለም ቢለው፣ እስኪድን ድረስ ያ አንጣፊ በጀርባው አዝሎ ወደፈለገበት ያደርሰዋል። ገበያ ካለ ገበያ። ለቅሶ ካለ ለቅሶ። ስለዚህም አንጣፊዎቹ ይጠነቀቃሉ። የመጣላቸው ድንጋይ ካላማራቸው መዶሻቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ማንም አይቀየማቸውም። ልማዱ ነው።

በዚያው መንደር ቸኮል የሚባል ባለጸጋ ነበረ። ቸኮል ወንድ ልጁን ሊያጋባ ሰፊ አዳራሽ ሠራ። ሣሩ ተከደነ፣ ግድግዳው ተመረገ፣ ወለሉ ቀረ። ከዚያም ሲራራ ነጋዴዎች በመንደሩ ሲያልፉ ቸኮል ከነሱ አንድ ነገር ገዛ። ሰማያዊ ሸክላ ነው። እንደ ገበታ ጠፍጣፋ፣ እንደ እንቁላል ልሙጥ። ፀሐይ ስታርፍበት ዓይን ይወጋል። ቸኮል አህያውን ጭኖ መጣና ቢሻውን አስጠራው።

ቸኮልም፦ «እየው! እየው እስቲ! ፊትህን እያየህ ጢምህን ትላጭበታለህ!» አለው።

ቢሻው አንዱን ሸክላ መሬት ላይ አጋደመ። ውኃ አፈሰሰበት። ከዚያም ተረከዙን አሳረፈበት። ተረከዙ ሽው ብሎ ሄደ፤ ቢሻውም ለጥቂት በመቀመጫው ሊያርፍ ሲል ምሰሶ ጨብጦ ተረፈ።

ቢሻውም ወደ ጢሙ አቀርቅሮ፦ «ይሄ የግድግዳ ነው» አለ።

«ምን?»

«የግድግዳ።»

ቸኮልም ሳቀና፦ «ስማ ቢሻው፤ ሸክላው የኔ፣ ቤቱ የኔ፣ ሙሽራው የኔ። ካንተ የጠየቅሁት እጅህን ብቻ ነው። እምቢ ካልክ ዋሴን እጠራዋለሁ» አለው።

ዋሴ ማን መሰላችሁ? ሌላው አንጣፊ ነው። ጉረኛ ነው። በየጠላ ቤቱ «ቢሻው ያነጠፈው በረት እንጂ ቤት አይመስልም» እያለ ያወራል።

ቢሻው መዶሻውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ዘረጋና ዋሴ በሰማያዊው ወለል ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ታየው። እጁ ተመለሰ። ደግሞስ እውነቱን እንናገር፤ ሸክላው ያምራል። ዕድሜውን ሙሉ ዳለቻ ድንጋይ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው፣ ሰማዩን አውርዶ መሬት ላይ ማንጠፍ አማረው። «ነግሬዋለሁ እኮ» አለ በልቡ። ከዚያም ተንበረከከና አነጠፈ። እንዲያውም አሳምሮ አነጠፈ። መጋጠሚያው ጉንዳን አያሳልፍም።

ማታ ቤቱ ሲገባ አንጓች ጠበቀችው። ወሬው ቀድሞ ደርሷት ነበር።

«ያ ሸክላ ያንሸራትታል አሉ። ነገርከው?» አለችው።

«ነገርኩት።»

«በስንት ቃል?»

ቢሻው በጣቱ ቆጠረና፦ «በሦስት» አላት።

«ጉድ ፈላ! ቸኮል በሦስት ቃል ከእንቅልፉም አይነቃ!» አለችና ራሷን ያዘች።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ከጧት ጀምሮ ዘነበ። እንግዳው ሁሉ እግሩን በጭቃ አቡክቶ ገባ። አንዱ እግር ሲያጥብ ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አንዱ የወጥ ሳህን ሲያሳልፍ ቅቤው ጠብ ጠብ አለ። መጀመሪያ አንድ ሚዜ ወደቀና ተነስቶ እየሳቀ ጭኑን አሸ። ከዚያም የቸኮል የእህቱ ባል ወደቀና ሳይስቅ ተነሳ። ከዚያ በኋላ እንግዳው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ እንደ ድመት ይሄድ ጀመር። ቢሻው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ አጥንት ይግጣል። አጥንቱ ግን አልጣፈጠውም።

የሙሽሪት አክስት እሜቴ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ከመንደሩ ማዶ ነው። እሜቴ ደብሪቱ ሰውነታቸው ሙሉ ነው፤ በቅሎ ሲያዩዋት በቅሎዋ ታቃስታለች። ጭፈራ ደግሞ ነፍሳቸው ነው። ከበሮው ሲመታ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ኧረ እሜቴ፣ ወለሉ ይጥላል!» አሏቸው ሴቶቹ።

እሜቴም፦ «ዞር በሉ! ለወንድሜ ልጅ ያልጨፈርኩ ለማን ልጨፍር ነው? እኔን የሚጥል ወለል ገና አልተነጠፈም!» አሉ።

ትከሻቸውን አንዴ ነቀነቁ። ሁለተኛውን አልደገሙትም። እግራቸው ወደ ላይ ወጣና ዱብ አሉ። ዱብ ብለውም አልቆሙም። እንደ ተቀመጡ ሽው ብለው ሄዱ። የወጥ ተሸካሚውን አለፉ፣ ከበሮ መቺውን አለፉ፣ ሙሽሮቹ እግር ሥር ደርሰው ቆሙ።

እሜቴም ቀና ብለው ሙሽሪትን አዩና፦ «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» አሉ። ከዚያም ቁርጭምጭሚታቸውን ያዙና፦ «ወይኔ እግሬን!» ብለው ጮኹ።

ሰውም ሁሉ በአንድ አፍ፦ «አንጣፊው የት አለ?» አለ።

ቢሻው አጥንቱን አስቀመጠ። ተነስቶ ሄደና ጀርባውን ሰጣቸው።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲያ ቢሻው የእሜቴ ደብሪቱ በቅሎ ሆነ። ጧት ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል። ከዚያ ገበያ። ከገበያ ማኅበር። ከማኅበር ደግሞ አራስ ጥየቃ። እሜቴ ደብሪቱ ዘመድ ብዙ ነው፤ የታመመውም ብዙ፣ የወለደውም ብዙ።

እሜቴም ከላይ ሆነው፦ «ቀስ በል ቢሻው፣ አንጀቴን ናጥከው። ወይስ ቅቤ ልታወጣብኝ ነው?» ይላሉ።

«እሺ፣ እሜቴ።»

«እዚህ ጋ ቁም። እማማ ጥሩዬን ሰላም ልበላቸው።»

ቢሻው ይቆማል። እሜቴ ስለ ዶሮ ያወራሉ፣ ስለ ዘመን ክፋት ያወራሉ፣ የሟቹን ባላቸውን ጠባይ ከሥር ከመሠረቱ ያወራሉ። ቢሻው ሸክሙን ከፍ እያደረገ ያስተካክላል። አንዳንድ ጊዜማ እሜቴ እጅ ሲነሱ እሱም አብሮ እንዲያጎነብስ ጆሮውን ይጎትቱታል።

በዚህ መሀል ሰኔ ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ ማሳውን አንዴ ገለበጠ፣ ደገመም። የቢሻው ማሳ ግን አረም ለበሰ። በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ወፈሩ። ቢሻው እሜቴን አዝሎ በማሳው አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ያ ማሳ ካልታረሰ ልጆቹ የሚበሉት የላቸውም።

አንጓችም አንድ ቀን፦ «ልጆችህ የእሜቴን ምርቃት አይበሉ! ቸኮል ሸክላውን አምጥቶ እግሩን ዘርግቶ ይተኛል፣ አንተ ሴትዮ አዝለህ ትዞራለህ። ሂድና ክሰሰው!» አለችው።

ቢሻውም ሄደ። የመንደሩ ዳኛ አባ ይርዳው ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሰውም ከበበ። እሜቴ ደብሪቱም አልቀሩም፤ ያመጣቸው ቢሻው ነው።

ቢሻው ነጠላውን አደግድጎ መሀል ገባና፦ «በላ ልበልሃ!» አለ።

ቸኮልም፦ «በላ ልበልሃ!» ብሎ መለሰ።

ሰው ጠበቀ። ወፍ እንኳ ጠበቀች።

አባ ይርዳው፦ «በል እንጂ ልጄ!» አሉት።

ቢሻው ላቡን ጠረገና፦ «አመጣ። አነጠፍኩ። እሱም ይሸከም» አለ። ጨረሰ።

ቸኮል ግን አፉ እንደ ወንዝ ነው። ዘንጉን አንስቶ ተንጎራደደ።

«አባቴ፣ እኔ ስለ ወለል ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው እህል ነው። አዋቂው ቢሻው ነው። ጭቃ የያዘ እጁ፣ መዶሻ የያዘ እጁ። አዋቂ ሰው ተንበርክኮ ካነጠፈው ደህና ነው ብዬ አመንኩ። ሕጉስ ምን ይላል? ያነጠፈው ይሸከመው ይላል እንጂ የገዛው ይሸከመው ይላል?»

ሰውም «እውነቱን ነው» ብሎ አጉረመረመ።

አባ ይርዳው ከዘራቸውን መሬት ላይ አኖሩና፦ «ለመሆኑ ይጥላል ብሎ ነግሮሃል?» ብለው ጠየቁት።

«በጢሙ ውስጥ አንድ ነገር አጉረምርሟል።»

«ምን ብሎ?»

«የግድግዳ ነው ብሎ።»

«ሰምተሃላ!»

ሰው ሳቀ። ቸኮል ዘንጉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

አባ ይርዳው ወደ ቢሻው ዞሩና፦ «አንተስ? እንደሚጥል እያወቅህ ለምን አነጠፍክ?» አሉት።

«አዘዘኝ።»

አባ ይርዳውም አንጓችን ጠሯት።

«ነይ እስቲ አንቺ። ጠላሽን አገር ያመሰግነዋል። ሰው እንክርዳድ የበዛበት እህል አምጥቶ ለድግሴ ጥመቂልኝ ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?»

አንጓችም ሳታስብ፦ «ምን እለዋለሁ? ውሰድልኝ እለዋለሁ! እንክርዳዱ እንግዳውን አዙሮ ሲደፋው፣ ሰው የማን ጠላ ነው ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። እህሉ የማን ነበር የሚል የለም!» አለች።

«እህሉ የኔ፣ ድግሱ የኔ ቢልሽስ?»

«ጋኑ የኔ ነዋ! እጁም የኔ ነው!» አለችና፣ ምን እንደ ተናገረች ገባት። ምላሷን ነከሰች። ሰው ሁሉ ወደ ቢሻው ዞረ። ቢሻውም ልጆቹን በሚቆጣበት ዓይን ሚስቱን አያት።

አንጓችም ቶሎ ብላ፦ «ቆይ እንጂ አባቴ! እንክርዳዱን ያመጣውስ? ውሰድልኝ ስለው ሌላ ጠማቂ እጠራለሁ ብሎ ያስፈራራኝስ? እሱ ከአህያው ጋር ይታሰር!» አለች።

ከዋርካው ሥር ሳቅ ተነሳ። አባ ይርዳውም ሳቁና ተነስተው ቆሙ።

«ፍርዱ ይሄ ነው» አሉ። «እሜቴ ደብሪቱ በጀርባ መታዘል ይቅርባቸው። አልጋ ይሠራላቸውና ለሁለት ያንሷቸው። ቸኮል በእግር በኩል ይያዝ፤ ተነግሮት አልሰማምና። ቢሻው በራስ በኩል ይያዝ፤ እያወቀ አንጥፏልና። በራስ በኩል ይከብዳል። ያወቀ ሰው የከበደውን ይያዝ።»

እሜቴ ደብሪቱም ጮኹ፦ «ምን? በአልጋ? እኔ ሞቻለሁ? አገሬው ሲያየኝ እርሙን ያውጣ? ቁጭ ብዬ ነው የምሄደው! ጥላም ይያዝልኝ!»

«ቁጭ ብለው ይሂዱ» አሉ አባ ይርዳው።

እንግዲህ ጉዞው እንደገና ተጀመረ። ቸኮል ከፊት፣ ቢሻው ከኋላ፣ እሜቴ ከላይ። ቸኮል ሸክም ለምዶ አያውቅም። ዳገት ላይ ይቃትታል፤ ቁልቁለት ላይ ይፋጠናል።

«አንተ ቸኮል፣ ስምህን በኔ ላይ አትወጣ!» ይላሉ እሜቴ።

ለቢሻው ሸክሙ ቀለለው። ጊዜው ግን አልተመለሰለትም። ግማሽ ሸክም ሲሸከሙም ቀኑ ሙሉ ቀን ነው። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ገባ። ማሳው እንዳለ ነው።

ቢሻውም አንድ ቀን ከኋላ ሆኖ፦ «ጌታው፣ ወለሉ ይነሳ» አለ።

«የሰማይ መልክ ያለው ወለሌን? ሰው አረማመድ ይልመድ!» አለ ቸኮል።

ከዚያም አንድ ጧት እሜቴን ይዘው ወደ ለቅሶ ሲሄዱ፣ በቸኮል ደጅ አለፉ። ልክ በሩ ጋ ሲደርሱ ከአዳራሹ ውስጥ «ዱብ!» የሚል ተሰማ። ቀጥሎም «እሪ!» የሚል። የቸኮል አማት ናቸው። እንጀራ ሊያወጡ ገብተው ወለሉ ጥሏቸዋል።

አማቲቱም ከውስጥ፦ «አንጣፊው የት አለ? ያ ዝምተኛ የት አለ?» እያሉ ጮኹ።

ቢሻው ቆመ። ማሳውን አሰበ። አማቲቱን አሰበ። ከአማቲቱ በኋላ ሌላ እንደሚወድቅ፣ ከዚያም ሌላ እንደሚወድቅ አሰበ። ያ ወለል እዚያ እስካለ ድረስ መንደሩን ሙሉ ሲሸከም ሊኖር ነው። የቸኮልን እሺታ ቢጠብቅ ደግሞ ጢሙ ይሸብታል።

ቆረጠ። የአልጋውን ራስ ቀስ አድርጎ የአጥሩ ድንጋይ ላይ አሳረፈ። የቸኮልን ዶማ ከደጁ አነሳና ወደ አዳራሹ ገባ። መጀመሪያ አማቲቱን አንስቶ መደብ ላይ አስቀመጣቸው። ጥቂት ደንግጠዋል እንጂ ደህና ናቸው። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ሸክላውን አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር።

ቸኮል የአልጋውን እግር እንደ ያዘ ቀረ። ቢለቀው እሜቴ ይንከባለላሉ።

«ምን እያደረገ ነው? ቢሻው! ምን እየነቀልክ ነው? እሜቴ፣ ልሂድ ይውረዱ!»

«እግሬስ? በምን እግሬ?» አሉ እሜቴ። ከውስጥ ግን ቀጭ ቀጭ የሚል ይሰማል፤ ሰውም ከየቤቱ እየሮጠ ወደ አዳራሹ ይገባል። እሜቴ አንገታቸውን አሰገጉ። አልታያቸውም። ጥላቸውን አጠፉ። «ኧረ ምን ጉድ ነው?» አሉና ከአልጋው ዘለው ወርደው ሮጡ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ።

ቸኮል ባዶውን አልጋ ይዞ አፉን ከፈተ።

«እሜቴ! እግርዎ!»

«የቱ እግሬ?» አሉ እሜቴ፣ ዞርም ሳይሉ።

ቸኮል አልጋውን ጥሎ ገባና፦ «ማን ወለሌን አፍርስ አለህ?» ብሎ ጮኸ።

ቢሻው ቀና አለ። ዶማውን ተደገፈ። ያን ቀን በጢሙ ውስጥ አልተናገረም። ማዶ ሰፈር እስኪሰማ ድረስ ተናገረ።

«ማንም አላለኝም። ሸክላው የእርስዎ ነው፤ አንዱንም አልሰበርኩም። ቤቱም የእርስዎ ነው። ሰው ሲረግጠው የሚጥል ከሆነ ግን ጥፋቱ የእጄ ነው። ያን ዕለት መዶሻዬን አንስቼ መሄድ ነበረብኝ። ዋሴን ፈራሁ፤ ሸክላውም አማረኝ። አሁን አልፈራም። ይሄን ወለል ዛሬ አነሳለሁ። ሸክላውን ግድግዳዎ ላይ እለጥፍልዎታለሁ፣ አገር ያየዋል። ወለሉን በጅረቱ ድንጋይ አነጥፋለሁ። አልፈልግም ካሉ አባ ይርዳውን ይጥሩ። እኔ ግን ዶማውን አላስቀምጥም።»

ቢሻው ይህን ያህል መናገር እንደሚችል አንጓችም አታውቅም ነበር። ቸኮል አባ ይርዳውን ሊጠራ አፉን ከፈተና አማቱን አየ። አማቱም መደቡ ላይ ሆነው አዩት። አፉን ዘጋ። ጋቢውን አውልቆ ሸክላ ይሰበስብ ጀመር።

ቢሻው ወለሉን አነሳ። ሸካራ ድንጋይ ከጅረቱ አምጥቶ አነጠፈ። ሸክላውን ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ ጧት ፀሐይ በበሩ ስትገባ ቤቱ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያም ውኃ አፍስሶ በባዶ እግሩ ተራመደበት። እሜቴ ደብሪቱም ሳይጠሩ መጥተው ጨፈሩበት። አልጣላቸውም።

ሥራው ሲያልቅ ግን ሐምሌ አልቆ፣ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ አልፎ ነበር። ቢሻው ማሳው ዳር ቆመና አየው። ዘንድሮ ጤፍ ይቅርብኝ፣ ዝናቡ ሲሸሽ ሽምብራ እዘራለሁ ብሎ ቆረጠ። በሬዎቹን ጠመደና አረሙን ይገለብጥ ገባ። ሲያርስ በመንገድ የሚያልፍ ሰው «እንዴት ዋልክ ቢሻው?» አለው።

ቢሻውም፦ «ደህና» አለና በሬዎቹን ነዳ።

እንግዲህ እኔ ተረቴን አነጠፍኩላችሁ። ማንም አልወደቀበትም አይደል? በሉ ቆሎውን ወዲህ ግፉልኝ፤ ጠላ ካለም አትደብቁኝ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነገ ተረት ቢጠፋ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የእናንተ ነው!